«‹አይገቡም› ካልኩት ወዲህ ልጄ አብሮኝ ጨዋታ አያይም»

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ሲያትል ከመጣሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ኤርፖርት አካባቢ በፈረቃ እሠራለሁ። አገር ቤት ሳለሁ እግር ኳስ እንጂ ቤዝቦል የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ልጄ እዚህ ትምህርት ቤት ሲገባ ለመደው። እኔም ከሱ ጋር ስቀመጥ ስቀመጥ ያዘኝ። አሁን የከተማችን የቤዝቦል ቡድን ማሪነርስ ከተሸነፉ እራት አይወርድልኝም።

በ2023 ልጄ 9 ዓመቱ ነበር። ሴፕቴምበር ሊያልቅ ሲል ‹አባዬ፣ ፕሌይኦፍ ይገባሉ?› ብሎ ጠየቀኝ፤ ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ወዳለው የዋንጫ ዙር ማለቱ ነው። ‹አትጠራጠር!› አልኩት። በአንድ ጨዋታ ቀሩ። ልጁ ትራሱን አቅፎ አለቀሰ። በ2024ም በአንድ ጨዋታ ቀሩ። ዘንድሮ በ2025 ምድባችንን ከሚመሩት ከሂውስተን ኋላ ነን፤ የቀረው ሦስት ሳምንት አይሞላም። ሰሞኑን ከሜዳ ውጪ የተሸነፉ ዕለት ልጄ ‹ገና ነው አባዬ፣ ብዙ ጨዋታ አለ› አለኝ። ‹ተወው፣ እነዚህ አይገቡም፣ ልብህን አታድክም› አልኩት። ዝም ብሎ ተነስቶ ክፍሉ ገባ። ከዚያ ወዲህ አብሮኝ አያይም። ብቻውን በታብሌት ያያል።

እኔ ደግሞ አይገቡም ብዬም አልተውኩትም። ሥራ ላይ በየአሥር ደቂቃው የሂውስተንን ውጤት እከፍታለሁ። ሌሊት እየባነንኩ ሰንጠረዡን አያለሁ። ባለቤቴ ‹ለማያውቁህ ሰዎች ብለህ ነው እንቅልፍ የምታጣው?› ትለኛለች። የደመራ ዕለት ከሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ጋር ጨዋታ እንዳለ ስነግራት ጭራሽ ተናደደች። እትዬ፣ ተስፋ ማድረጉን ልተወው? ልጄንስ ምን ልበለው?»

ወንድሜ፣ እንኳን ለ2018 ከነቤተሰብህ በሰላም አደረሰህ። ከዚህ በታች ዓመቱን እንዳንተው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ቤዝቦሉ የሚቆጠረው በሱ ነውና።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ስለ ማሪነርስ የጻፍክ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው «ዝም ብሎ ተነስቶ ክፍሉ ገባ» የምትለዋ ላይ ቆምኩ። ቢከራከርህ ጥሩ ነበር። ቢያለቅስም ይሻል ነበር። የ11 ዓመት ልጅ ዝም ብሎ ሲነሳ ግን የከፋው በቡድኑ አይደለም።

በ2023 ያለቀሰው ቡድኑ ስለቀረበት ነው። አንተም አጠገቡ ነበርክ። ዘንድሮ «ገና ነው አባዬ» ሲልህ ውጤት ተንብይልኝ አላለህም። አብረን እንቀጥል ነው ያለህ። አንተ ደግሞ ሳታውቀው በሩን ዘጋህበት። ክፋት እንደሌለህ ይገባኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? አንተ በተከታታይ ሁለት ዓመት እባቡን አይተሃል። ልጅህ እንደገና ትራስ አቅፎ እንዳያለቅስ ብለህ ነው። እሱ ግን አሁን ጨዋታውን ብቻውን ነው የሚያየው። ከተሸነፉም የሚያዝነው ብቻውን ነው ማለት ነው።

እኔም በዚህ ቡድን ስንት ዓመት ተቃጥያለሁ። ሲያትል የመጣሁት በ1998 ነው። ማታ ማታ መሀል ከተማ ቢሮ አጸዳ ነበር። አብራኝ የምትሠራ ሴት ትንሽ ሬዲዮ ነበራት፤ የጽዳት ዕቃችንን የምንገፋበት ጋሪ ላይ እናስቀምጣታለን። የሚያወራው ዴቭ ኒሃውስ ነው። ይህ ሰው ማሪነርስ መጫወት ከጀመሩበት ከ1977 አንስቶ በ2010 እስኪሞት ድረስ ጨዋታቸውን ያስተላለፈ ነው። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባኝም ነበር። ድምፁ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን መጥረጊያዬን ይዤ ቀጥ እላለሁ። ኳሷ እየራቀች መሆኑን ከድምፁ አውቃለሁ። ቋንቋውን ያስለመደኝ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ባለቤትህ «ለማያውቁህ ሰዎች» ስትልህ፣ እውነቷን ነው፣ ተጫዋቾቹ አያውቁንም። እኔን ግን በዚያን ጊዜ በዚህ ከተማ ማንም አያውቀኝም ነበር። አውቶቡስ ላይ «ትናንት ሰማሽ?» ብሎ ወሬ የሚጀምርልኝ ሰው ያገኘሁት በነሱ ምክንያት ነው። ይህን ንገራት። ስለ እንቅልፉ የተናገረችው ግን ልክ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ2001 ማሪነርስ 116 ጨዋታ አሸነፉ። ከዚያ በላይ ያሸነፈ ቡድን በታላቁ ሊግ ታሪክ የለም፤ የ1906ቱ ቺካጎ ካብስ ብቻ ናቸው የሚስተካከሏቸው። ያ ሁሉ ሆኖ ወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የመጨረሻው የዋንጫ ግጥሚያ፣ አልደረሱም። የኒውዮርኩ ያንኪስ አስቀሯቸው። እኛም «የሚቀጥለው ዓመት አለ» ብለን ተጽናናን። የሚቀጥለው ዓመት 21 ዓመት ፈጀ። እስከ 2022 ድረስ ፕሌይኦፍ የሚባል ነገር በደጃችን አላለፈም። ኒሃውስም ሳያየው ሞተ።

በዚያ ሁሉ ዓመት መሀል አንድ ሰው ነበር። ፊሊክስ ሄርናንዴዝ። ገና በ19 ዓመቱ የመጣ ቬኔዝዌላዊ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው። «ንጉሡ» ነበር የምንለው። በ2012 ኦገስት 15 ቀን ታምፓ ቤይ ላይ 27 መቺ ቀርቦ 27ቱንም አንድ ሰው ቤዝ (ሯጩ የሚረግጠው ማረፊያ) ሳያስረግጥ መለሳቸው። በማሪነርስ ታሪክ ይህን ያደረገ ሌላ ፒቸር የለም። 15 ዓመት ለአንድ ቡድን ተጫወተ። አንድ ቀን እንኳ ፕሌይኦፍ ላይ አልወረወረም። በ2019 ሴፕቴምበር 26 ቀን በዚህ ሜዳ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወጣ ቡድኑ ከውድድሩ ከተሰናበተ ቆይቷል። ስታዲየሙ ውስጥ ግን ቢጫ ቲሸርት የለበሰው ደጋፊ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ፊሊክስም ያለቅስ ነበር። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ በቴሌቪዥን አየሁት። ጨጓራዬን ሲልጠኝ ነው ያመሸሁት። ለምንድን ነው የማለቅሰው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሰውየው ምንም ዋንጫ አላመጣልኝም። ግን በየአምስት ቀኑ «ዛሬ ፊሊክስ ነው» ብዬ የነቃሁባቸው ቀኖች ነበሩ። እነዚያን ቀኖች ማንም አልወሰደብኝም።

ያንን የምነግርህ ሐዘኑን ለማጣፈጥ ብዬ አይደለም። በአንድ ጨዋታ መቅረት ያማል። አንተ የምታውቀው እግር ኳስ ላይ ቡድንህ ስምንተኛ ከወጣ በጊዜ ታውቀዋለህ፤ በጊዜ ትለምደዋለህ። ቤዝቦል ግን 162 ጨዋታ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 38 ነው። ከማርች መጨረሻ ጀምረህ ከቀን ወደ ቀን፣ ማታ ማታ፣ እንደ እራት ሰዓት ተላምደኸው ስድስት ወር ትቆያለህ። በመጨረሻ 162ቱ በአንዷ ይወሰናሉ። ያኔ ኤፕሪል ላይ በመደበኛው መጨረሻ፣ በዘጠነኛው ኢኒንግ (ዙር)፣ የተሸነፉት አንድ ተራ የማክሰኞ ጨዋታ ትዝ ይልህና እንቅልፍ ይነሳሃል። አውቀዋለሁ። በ2023 እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ግን ስለ 2023 አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከቴክሳስ ጋር በሜዳችን ተሸንፈው መቅረታቸው የተረጋገጠው ቅዳሜ ነው፤ ሴፕቴምበር 30። በማግስቱ እሁድ ደግሞ ከዚያው ከቴክሳስ ጋር አንድ ጨዋታ ቀርቷቸው ነበር። ያንን እሁድ ልጅህና አንተ አይታችሁት ነበር? ማሪነርስ 1 ለ 0 አሸነፉ። ለነሱ የሚጨምርላቸው ነገር አልነበረም። ቴክሳስ ግን በዚያች ሽንፈት የምድቡን አንደኛነት ለሂውስተን አስረከቡ። ከዚያ በዋይልድ ካርድ፣ የምድብ አንደኛ ላልሆኑ በተተወው በር፣ ገብተው የዓመቱን ወርልድ ሲሪስ ወሰዱ። እኔ ያንን እሁድ ያየሁት ለብቻዬ ነው። የሚያየው ሰው አጠገቤ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ልጅህ «ገና ነው» ስላለው ነገር። ልጁ ተሳስቷል ብለህ ከሆነ የገሰጽከው፣ አልተሳሳተም። ከዚህ ከተማ የበለጠ ምስክር የለም።

በ1995 ማሪነርስ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ከምድቡ መሪ ከካሊፎርኒያ ኤንጅልስ በ13 ጨዋታ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። አሥራ ሦስት! የቡድኑ ኮከብ ኬን ግሪፊ ጁኒየር ሜይ ላይ ግድግዳ ጋር ተላትሞ የእጁ አንጓ ተሰብሮ ወራት ተቀምጧል። ማን ተስፋ ያደርጋል? ከዚያ ኦገስት አጋማሽ ላይ ግሪፊ ተመለሰ። ማሪነርስ ማሸነፍ ጀመሩ፤ ኤንጅልስ ደግሞ መሸነፍ። ሲዝኑ ሲያልቅ ሁለቱም 78 አሸንፈው 66 ተሸንፈው እኩል ሆኑ። የዚያ ዓመት ሲዝን በተጫዋቾች አድማ ምክንያት 144 ጨዋታ ብቻ ነበር። እኩል ስለሆኑ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ኦክቶበር 2 ተደረገ። ረጅሙ ራንዲ ጆንሰን ወረወረ፤ 9 ለ 1 አሸነፉ። ከሳምንት በኋላ ከያንኪስ ጋር በ11ኛው ኢኒንግ ኤድጋር ማርቲኔዝ መታ፤ ግሪፊ ከመጀመሪያው ቤዝ ተነስቶ በሩጫ ሦስቱን ቤዝ ዞሮ ገባ። ያን ጊዜ እኔ ገና አገር ቤት ነኝ። ግን ስንቴ እንደተተረከልኝ! ታክሲ ውስጥ፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት። ሁሉም የት ሆኖ እንዳየው ይነግርሃል።

አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። ታሪኩን የሚተርክልህ ሰው ሁሉ ግሪፊ ሲገባ ያቆማል። ከዚያ በሚቀጥለው ዙር ክሊቭላንድ 4 ለ 2 አሸንፎ እንዳስወጣቸው ማንም አይነግርህም። እኔ ራሴ ከዓመታት በኋላ ነው የሰማሁት። የዚያ ዓመት መጨረሻ ሽንፈት ነበር። ሰው ይዞት የቀረው ግን ያን ሴፕቴምበር ነው።

ስታዲየሙም የቆመው በዚያ ሴፕቴምበር ምክንያት ነው። በዚያው ወር 19ኛው ቀን የኪንግ ካውንቲ ሕዝብ ለአዲስ ስታዲየም ታክስ ይከፈል ወይ ተብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። በጥቂት ድምፅ ልዩነት እምቢ አለ። ቡድኑ ከተማውን ሊለቅ ነው እየተባለ ነበር። ከዚያ ያ ሁሉ ማሸነፍ መጣና ከተማው ተንቀጠቀጠ። ኦክቶበር ላይ የዋሽንግተን ግዛት ምክር ቤት ተሰብስቦ ለስታዲየሙ ገንዘብ የሚገኝበትን መንገድ አጸደቀ። በ1999 ጁላይ ተከፈተ። ልጅህን ይዘህ የምትገባበት፣ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ከላይ እየተንሸራተተ የሚመጣው፣ በጨዋታ መሀል ከጎኑ የሚያልፈው ባቡር ጡሩንባውን የሚነፋበት ሜዳ ያ ነው። በሚቀጥለው ስትሄዱ ይህን ንገረው። ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ።

እና በ2022 ልጅህ 8 ዓመቱ ነበር። ሴፕቴምበር 30። አብራችሁ እንዳያችሁት እገምታለሁ። ከኦክላንድ ጋር 1 እኩል ናቸው። ዘጠነኛው ኢኒንግ ነው። ሁለት ሰው ወጥቷል፤ ሦስተኛው ከወጣ ዙሩ ያልቃል። ካል ራሌ ተቀይሮ ገባ። ሦስት ቦል፣ ሁለት ስትራይክ፤ አንድ ስትራይክ ቢጨመር ይወጣል። ከዚህ በኋላ መቆያ የለም። መታት። እኔ ያን ማታ አንዲት ጎረቤቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ስልኬን ከረከቦቱ ጎን አስደግፌ ነበር የማየው። ስጮህ ሲኒ ተገለበጠ። ጎረቤቴ ቤዝቦል አታውቅም፤ ሰው የሞተብኝ መስሏት ደንግጣ እጄን ያዘችኝ። 21 ዓመት በአንዲት ኳስ አለቀ። እና ወንድሜ፣ ልጅህ ይህንን በዓይኑ ያየ ልጅ ነው። «ገና ነው» ሲልህ ከባዶ ሜዳ ተነስቶ አይደለም። በዚያው የመታው ካል ራሌ ዘንድሮ ከ50 በላይ ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳ አውጥቶ መምታት) መትቷል። ካቸር (ከመቺው ጀርባ ኳስ የሚቀበለው) ሆኖ በአንድ ሲዝን ይህን ያህል የመታ ሰው ከሱ በፊት አልነበረም። ልጁ ተስፋ ባያደርግ ነው የሚገርመኝ።

የቀረውን ደግሞ በሒሳብ እንየው። ምክንያቱም የሌሊቱ መባነንህ ግማሹ ሒሳቡን ጭንቅላትህ ውስጥ ስለምታዞረው ነው። ወረቀት ላይ አውጣው፤ ከልጅህ ጋር አውጣው። የ11 ዓመት ልጅ በደንብ ይችለዋል።

«ስንት ጨዋታ ኋላ ነን» የሚባለው እንዲህ ነው። የማሸነፉን ልዩነት ከመሸነፉ ልዩነት ጋር ደምር፣ ለሁለት አካፍል። ለምሳሌ አንደኛው 80 አሸንፎ 62 ቢሸነፍ፣ ሌላው 78 አሸንፎ 63 ቢሸነፍ፣ 2 ሲደመር 1፣ ሲካፈል ለ2፣ አንድ ተኩል ይሆናል። እነሱ ሳይጫወቱ እኛ ብናሸንፍ ግማሽ እንጠጋለን። እርስ በርስ ተጋጥመን ካሸነፍናቸው ግን ሙሉ አንድ ነው። ለዚህ ነው ከሴፕቴምበር 19 እስከ 21 ሂውስተን ሄደን የምንጫወታቸው ሦስት ጨዋታዎች ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጡት። ሦስቱን ያሸነፈ በሦስት ቀን ሦስት ጨዋታ ይጠጋል ወይም ይርቃል። ሌላም ቁጥር አለ፤ መሪው ለማረጋገጥ ስንት እንደቀረው የሚያሳይ። ከ163 ላይ መሪው ያሸነፈውንና ተከታዩ የተሸነፈውን ትቀንሳለህ። 85 ያሸነፈ መሪና 70 የተሸነፈ ተከታይ ካለ 8 ይቀራል። መሪው ባሸነፈ ቁጥር ወይም ተከታዩ በተሸነፈ ቁጥር በአንድ ይወርዳል። ዜሮ ሲሆን አለቀ። ልጅህ ይህንን ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጥፎ ማታ ማታ እየሰረዘ ይለውጠው።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ። ሂውስተን ባይያዝም ዋይልድ ካርድ አለ። ከ2022 ወዲህ ከየሊጉ ስድስት ቡድን ይገባል። ሦስቱ የየምድባቸው አንደኞች ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ በውጤት የሚከተሏቸው። ድሮ እንደ 1995 እኩል ከወጡ ተጨማሪ ጨዋታ ይደረግ ነበር። አሁን ቀርቷል፤ እርስ በርስ በተጫወቱት ነው የሚለየው። ስለዚህ ሁለት በር ነው ያለን። አንዱን ብቻ እያየህ ነው እንደዚህ የተጨነቅከው።

ከፊት ያለ ቡድንም ሲወርድ አይተናል። በ2007 ኒውዮርክ ሜትስ 17 ጨዋታ ሲቀር በ7 ይመሩ ነበር። ቀሩ። ይህን የምልህ ሂውስተን ይወርዳሉ ብዬ አይደለም። ሴፕቴምበር ላይ «አይገቡም» ብሎ የሚዘጋ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል ለማለት ነው።

አሁን ወደ ስልክህ። በየአሥር ደቂቃው የሂውስተንን ውጤት የምታየው ነገር ይቅር። ወንድሜ፣ በዚህ ላይ አልደራደርህም። አንተ ብታየውም ባታየውም እነሱ ያው ይጫወታሉ። ፈረቃህን የምትሠራበት ቦታ ትኩረት የሚፈልግ ነው፤ ደክሞህ ስትነዳም አስብ። የሂውስተንን ውጤት የሚነግርህ ልጅህ ይሁን። ሥራ ስትጨርስ ደውልለት። «እሺ፣ ምን ሆኑ?» በለው። ይህን ሥራ ለሱ ስጠው። አንተ ሌሊት እየባነንክ የምታየው ቁጥር፣ ልጅህ አፍ ላይ ሲሆን ሌላ ነገር ነው። እናቱም ስልኩ ሲጮህ ለምን እንደተደወለ ታውቃለች፤ ደስ ይላታል።

ደመራው ዓርብ ሴፕቴምበር 26 ነው። የዶጀርስ የመጀመሪያው ጨዋታም ያው ዓርብ ማታ ነው። ባለቤትህ የተናደደችው ልክ ናት። ሂዱ። ሦስታችሁም ሂዱ፤ ነጠላህን አጣፋ፣ ችቦህን ያዝ። ስልክህን መኪና ውስጥ ተወው። 162 ጨዋታ አለ፤ ደመራ በዓመት አንዴ ነው። ልጅህ ደመራው ወዴት እንደሚወድቅ ያያል፣ እንደ አባቶቻችን ይተረጉመዋል፤ ወደ ስታዲየሙ በኩል ከወደቀ ደግሞ ምን እንደሚል መገመት አያቅተኝም። ሲያልቅ መኪና ውስጥ ሬዲዮ ክፈቱ። ጨዋታው ገና ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሁለት ጨዋታ አለ። የእሁዱን ቲኬት አሁኑኑ ቁረጥ። ከላይኛው ፎቅ፣ ርካሹን። ከገቡም ካልገቡም ያንን እሁድ ሁለታችሁ እዚያ ትሆናላችሁ። ያ የ2023 እሁድ እንዳይደገም።

አሁን «ልጄን ምን ልበለው» ያልከው። ዛሬ በሩን አንኳኳ። በሩ ላይ ቆመህ አታውራ፤ ግባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቀው። እኛ አበሾች ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ይከብደናል፤ አባቶቻችን አላደረጉትም። አንተ አድርገው። «ባለፈው አይገቡም ያልኩህ ስለማውቅ አልነበረም። እንደገና ስታለቅስ ማየት ስለፈራሁ ነው» በለው። እውነቱ ይኸው ነው። በ2023 «አትጠራጠር» ስትለውም አታውቅም ነበር፤ ዘንድሮ «አይገቡም» ስትለውም አታውቅም። ሁለቱንም ጊዜ የማታውቀውን ነገር እርግጠኛ ሆነህ ነገርከው። አሁን ይገባሉ ወይ ብሎ ከጠየቀህ «አላውቅም። እኔም ልቤ ተንጠልጥሏል። ግን እስከ መጨረሻው አብሬህ አያለሁ» በለው። ቢያለቅስስ? ያልቅስ። አንተም ካለቀስክ አልቅስ። ትራሱን ሳይሆን አንተን ያቅፍሃል።

ምናልባት ወዲያው አይመለስልህ ይሆናል። አሥራ አንድ ዓመት ማለት ኩርፊያ የሚጥምበት ዕድሜ ነው። አትለማመጠው። ማታ ጨዋታው ሲጀምር ሳሎን ቴሌቪዥኑን ክፈት፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ቆሎ አቅርብ። እና አንድ ደብተር ግዛ። ተራ የተማሪ ደብተር፣ ባለካሬ ቢሆን ይመረጣል። እርሳስም ግዛ፤ እስክሪብቶ አይሆንም፣ ትሳሳታለህ። ጨዋታውን መመዝገብ ጀምር። እያንዳንዱ ተጫዋች እንደቦታው ቁጥር አለው፤ ፒቸር 1፣ ካቸር 2፣ መጀመሪያው ቤዝ ላይ የሚቆመው 3 እያለ ይሄዳል። በስትራይክ የወጣ ሰው ላይ የእንግሊዝኛዋን ኬ ትጽፋለህ። ዱላውን ሳይወዘውዝ ቆሞ ከወጣ ኬዋን አዙረህ ትጽፋታለህ። እኔ እንደዚህ ዓይነት ደብተር አራት አሉኝ። የ2022ቱ ገጽ ላይ ያ ቡና ፈስሶበታል።

አንተ መጀመሪያ ላይ መሳሳትህ አይቀርም። ስትሳሳት ደግሞ ልጅህ ከክፍሉ ሆኖ ይሰማሃል፤ «6 ነው ወይስ 4 ያለው?» ብለህ ጮክ ብለህ ጠይቅ። ቤዝቦል የሚወድ ልጅ ስህተት ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። ሲመጣ እርሳሱን ስጠው፤ ወንበሩን ጠጋ አድርግለት።

ሂውስተን ሄደው የሚጫወቱት ሳምንት ሲያልፍ ጻፍልኝ። ውጤቱን እኔም አየዋለሁ። የምፈልገው ልጅህ በእጁ የመዘገበውን አንድ ገጽ ፎቶ አንስተህ እንድትልክልኝ ነው።

እትዬህ